አድራሻው የማን ነው? ዲኤምኤን ከሚኒያፖሊሱ ኮንትሮል ዳታ 6600 እንማር

ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ድራይቨር መጻፍ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ድራይቨራችን ሜሞሪ ላይ በፈር አዘጋጅቶ ለዲስክ ወይም ለኔትወርክ ካርድ «ዳታውን እዚህ አስቀምጥ» ሲል፣ የሚሰጠው አድራሻ የትኛው ነው? «ፖይንተሩን ነዋ!» ብላችሁ ከመለሳችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

እኔ የምኖረው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ መንትያ ከተሞች በሚባሉት በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ነው። እንጀራዬ የሊኑክስ ድራይቨር መጻፍና ሌሎች የጻፉትን መመርመር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐበሻ ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ስንማማር፣ ይህ የአድራሻ ነገር ሁልጊዜ ጥያቄ ያስነሳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ማብራሪያ ብዙ ነው፤ ግን አብዛኛው ሕጉን ይነግራችኋል እንጂ ሕጉ ለምን እንደመጣ አይነግራችሁም። ምክንያቱን ደግሞ እኛው ከተማ ውስጥ የተመሠረተ አንድ ኩባንያ ከ60 ዓመት በፊት ያወጣው ማሽን ከማንም በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ዛሬ ከእሱ እንማራለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲኤምኤ ምንድን ነው?

ዲኤምኤ ማለት አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ከሜሞሪ የሚያነብበትና ሜሞሪ ላይ የሚጽፍበት መንገድ ነው።

የመርካቶን ባለ ሱቅ አስቡ። ዕቃ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ ጆንያውን አንድ በአንድ ራሱ ቢሸከም ደንበኛ የሚያስተናግድለት የለም። ስለዚህ ተሸካሚ ይቀጥራል፤ «ከመኪናው 40 ጆንያ አውርድና እዚያኛው መጋዘን አስገባ፤ ስትጨርስ ንገረኝ» ይለዋል። ባለ ሱቁ ፕሮሰሰሩ ነው። ተሸካሚው መሣሪያው ነው። መጋዘኑ ሜሞሪው፣ «ጨርሻለሁ» የሚለው ድምፅ ደግሞ ኢንተራፕት የምንለው ነው።

አሁን ባለ ሱቁ የመጋዘኑን ቁጥር ተሳስቶ ቢናገርስ? ተሸካሚው አይጠይቅም፤ በሩ ክፍት ከሆነ ገብቶ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ ይከምርና «ጨርሻለሁ» ይላል። በዲኤምኤ ውስጥ ያለው አደጋ ይኸው ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም የማይገባው አድራሻ ላይ ሊጽፍ ቢሞክር ፕሮሰሰሩ ይይዘውና ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። መሣሪያ ግን የተሳሳተ አድራሻ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። የተበላሸው የሌላ ፕሮግራም ዳታ ነው፤ የሚታወቀውም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ፈጽሞ በማይገናኝ ቦታ ነው።

አንድ ጎዳና፣ ሁለት ቁጥር

ወደ አድራሻዎቹ እንግባ። ሚኒያፖሊስንና ሴንት ፖልን የሚያገናኝ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባል ረጅም ጎዳና አለ። በከፊሉ ግሪን ላይን የተባለው የከተማ ባቡር ይሄድበታል። ከሚኒያፖሊስ ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትጓዙ የቤት ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። የሴንት ፖልን ድንበር ስታልፉ ግን ቁጥሩ በሌላ ከተማ አቆጣጠር ይቀጥልና ወደ ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ይቀንሳል። ጎዳናው ያው አንድ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ግን ሁለት ናቸው። የትኛው ከተማ እንደሆነ ሳይነገራችሁ ቁጥሩን ብቻ ብትይዙ የምትደርሱበት ቤት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል።

ሜሞሪም እንዲሁ ነው። አንድ ባይት በአንድ ጊዜ ሦስት አድራሻ ሊኖረው ይችላል።

አንደኛው ቨርቹዋል አድራሻ ነው። ፖይንተራችን ውስጥ ያለው ይህ ነው። ፕሮግራሞቻችንም ሆኑ ከርነሉ የሚሠሩት በዚህ አድራሻ ሲሆን፣ ኤምኤምዩ የተባለው የፕሮሰሰሩ ክፍል በፔጅ ቴብል እየተመራ ይተረጉመዋል።

ሁለተኛው ፊዚካል አድራሻ ነው። ኤምኤምዩ ተርጉሞ ሲጨርስ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው ቁጥር ነው።

ሦስተኛው የዲኤምኤ አድራሻ ነው፤ ባስ አድራሻ የሚሉትም አሉ። ያው ባይት ከመሣሪያው በኩል ሲታይ ያለው ቁጥር ነው። በብዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቁጥር ከፊዚካሉ ጋር አንድ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ሰው ሁልጊዜ አንድ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ለምሳሌ ራስቤሪ ፓይ 3 ላይ ፕሮሰሰሩ ዜሮ ብሎ የሚጠራውን የሜሞሪ መነሻ፣ የዲኤምኤው ክፍል የሚያገኘው 3 ጊጋ ባይት ተደምሮበት ነው። ፕሮሰሰሩ «አንደኛ ቤት» የሚለው ለመሣሪያው ሌላ ቁጥር ያለው ቤት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፦ አድራሻ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ማን እንደሚያነበው መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ አድራሻው ጊዜ አለው። ለተወሰነ ጊዜ የተዋስነው እንጂ ለዘለዓለም የተሰጠን አይደለም። ሁለቱንም ኮንትሮል ዳታ 6600 ላይ እንያቸው።

የሚኒያፖሊሱ ማሽን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1946፣ ኢንጂኒየሪንግ ሪሰርች አሶሺየትስ የተባለ ድርጅት በሴንት ፖል ከተማ፣ በጦርነቱ ጊዜ ግላይደር አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በ1957 ከዚያ የወጡ ሰዎች፣ በዊልያም ኖሪስ መሪነት፣ ኮንትሮል ዳታ ኮርፖሬሽንን በሚኒያፖሊስ አቋቋሙ። ሲይሞር ክሬይም ብዙ ሳይቆይ ተቀላቀላቸው። ክሬይ በኋላ ላቦራቶሪውን በጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን ወደምትገኘው የትውልድ ከተማው ቺፕዋ ፎልስ ወሰደው። ከጄምስ ቶርንተንና ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1964 ያወጣው ማሽን ኮንትሮል ዳታ 6600 ነው። 7600 እስከተተካበት እስከ 1969 ድረስ በዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር እሱ ነበር።

የ6600 ዋና ፕሮሰሰር አንድ የሚገርም ባሕርይ ነበረው፤ የግብዓትና ውጤት ትእዛዝ ጭራሽ አልነበረውም። ከዲስክ ማንበብ፣ ካርድ መቀበል፣ ማተም አይችልም። ሥራው ስሌት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ፔሪፈራል ፕሮሰሰር የተባሉ 10 ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነበሩ። እኛ ፒፒ እንበላቸው። እያንዳንዱ ፒፒ 4096 ዎርድ የግል ሜሞሪ ነበረው፤ አንዱ ዎርድ 12 ቢት ነው። የዋናው ሜሞሪ ዎርድ ደግሞ 60 ቢት ሲሆን እስከ 131,072 ዎርድ ይይዝ ነበር። 12 ለ60 አምስት ጊዜ ስለሚደርስ፣ አምስት የፒፒ ዎርድ አንድ የዋናው ሜሞሪ ዎርድ ይሞላል። ፒፒዎቹ ከዋናው ሜሞሪ በቀጥታ ያነባሉ፤ በቀጥታም ይጽፋሉ። የመርካቶው ባለ ሱቅ 10 ተሸካሚ ቀጥሮ ራሱ ጆንያ መንካት አቆመ ማለት ነው።

አሁን ወደ አድራሻው። ዋናው ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ሁለት ሬጅስተሮች ነበሩት። አንዱ የመነሻ አድራሻ ነው፤ አርኤ ይባላል። ሌላው የይዞታው ርዝመት ነው፤ ኤፍኤል ይባላል። ፕሮግራሙ «አድራሻ 150» ሲል ሃርድዌሩ አርኤን ደምሮ ትክክለኛውን ቦታ ያገኛል፤ ቁጥሩ ከኤፍኤል ከበለጠም ያቆመዋል። ፕሮግራሙ የትም ቢቀመጥ ለራሱ ሁልጊዜ ከዜሮ እንደጀመረ ይመስለዋል። የዛሬው ቨርቹዋል አድራሻ አያት ልትሉት ትችላላችሁ።

ፒፒዎቹ ግን አርኤ የሚደምርላቸው ሃርድዌር አልነበራቸውም። እነሱ የሚያዩት ሙሉውን ሜሞሪ በፍጹም አድራሻው ነው። የሚያግዳቸው አጥርም የለም። ታዲያ ፕሮግራሙ በአድራሻ 1 ላይ ጥያቄውን አስቀምጦ «በአድራሻ 150 ላይ ያለውን 64 ዎርድ ዲስክ ላይ ጻፍልኝ» ሲል፣ ፒፒው 150ን እንዳለ ቢወስድ ምን ይሆናል? በፍጹም አቆጣጠር 150 ያለው የሜሞሪው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የራሱን ሠንጠረዦች የሚያስቀምጠው እዚያ ነበር። አቅጣጫው ንባብ ቢሆን ኖሮ፣ ከዲስክ የመጣው ዳታ በሲስተሙ ሠንጠረዥ ላይ ተጽፎ ማሽኑ በሙሉ ይቆማል።

ስለዚህ የፒፒው ፕሮግራም ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት። በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለአነባበብ እንዲቀል በአስርዮሽ አድርጌያቸዋለሁ።

አርኤ 40,000 ነው፤ ኤፍኤል 19,200 ነው።
ፕሮግራሙ 150 አለ። ፒፒው 40,000 + 150 = 40,150 ብሎ ይሠራል።
ፕሮግራሙ በአድራሻ 19,190 ላይ 64 ዎርድ ጻፍልኝ ቢል፣ 19,190 + 64 = 19,254 ይሆናል። ይህ ከ19,200 ስለሚበልጥ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል።

መተርጎምና ድንበር መፈተሽ፤ ሁለቱንም የሚሠራው ሶፍትዌሩ ነው፣ የሚያስታውሰውም ፕሮግራመሩ ነው።

ሌላ ነገር ጨምሩ። የዋናው ሜሞሪ አድራሻ 18 ቢት ነው፤ የፒፒው ዎርድ ግን 12 ቢት ብቻ። አርኤ እንዳለ አይገባበትም። መፍትሔያቸው ብልህ ነበር፦ አርኤ ሁልጊዜ የ64 ብዜት እንዲሆን አደረጉና ለ64 ተካፍሎ ተቀመጠ። የእኛ 40,000 ለ64 ሲካፈል 625 ይሆናል፤ ይህ 12 ቢት ውስጥ በምቾት ይገባል። ለሥራ ሲፈለግ ስድስት ቢት ወደ ግራ ይገፋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የመጨረሻውና ከባዱ ነገር የቦታ ለውጥ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ሲጣበብ የአንዱን ፕሮግራም ይዞታ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ አርኤውን ይቀይራል። ፕሮግራሙ አይታወቀውም፤ ለእሱ 150 ያው 150 ነው። ግን በዚያ ቅጽበት አንድ ፒፒ በ40,150 ላይ እየጻፈ ቢሆንስ? ፕሮግራሙ ሄዷል፤ ተሸካሚው አሁንም የድሮው መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይከምራል። ስለዚህ የፒፒ ፕሮግራሞች ለዚህ ሲባል የማቆሚያ ነጥብ ነበራቸው። ለመንቀሳቀስ በሚያመች ቦታ ላይ ቆም ይላሉ፣ ዝውውሩ ያልቃል፣ ከዚያ አርኤን እንደገና አንብበው ይቀጥላሉ። ቀድሞ የደመሩትን አድራሻ ይዞ መቀጠል ክልክል ነው።

አድራሻው ለአንባቢው ይተረጎማል፤ ትርጉሙም የሚያገለግለው እስከተወሰነ ጊዜ ነው። የዛሬው የሊኑክስ የዲኤምኤ ሕግ በሙሉ የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ዛሬ በሊኑክስ ላይ

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንመለስ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ድራይቨሩ የዲኤምኤ አድራሻን ራሱ አስልቶ አያወጣም። ከርነሉን ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፤ የተግባሮቹን ስም ወደ አማርኛ መልሼ ጽፌዋለሁ፦

1. ጭምብል_ንገር(መሣሪያ፣ 32 ቢት)
2. አድራሻ = ተርጉም(መሣሪያ፣ በፈር፣ 4096፣ ከመሣሪያ_ወደ_ሜሞሪ)
3. ስህተት_ካለ(መሣሪያ፣ አድራሻ) ተመለስ
4. አድራሻውን ለመሣሪያው ስጥና ሥራውን አስጀምር
5. ኢንተራፕት እስኪመጣ ጠብቅ፤ በፈሩን አትንካ
6. ትርጉም_ሰርዝ(መሣሪያ፣ አድራሻ፣ 4096፣ ከመሣሪያ_ወደ_ሜሞሪ)
7. አሁን በፈሩን አንብብ

በከርነሉ ውስጥ «ተርጉም» ያልኩት «ዲኤምኤ ማፕ ሲንግል»፣ «ትርጉም ሰርዝ» ያልኩት ደግሞ «ዲኤምኤ አንማፕ ሲንግል» ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ጭምብሉ መሣሪያው ስንት ቢት አድራሻ ማንበብ እንደሚችል ለከርነሉ ይናገራል። ይህ ቀልድ አይደለም። የድሮው የፒሲ ኤቲ ዲኤምኤ 24 ቢት ስለነበረው ከ16 ሜጋ ባይት በላይ ማየት አይችልም። 32 ቢት ያለው መሣሪያ 4 ጊጋ ባይት ላይ ያቆማል። ዛሬም ቢሆን ራስቤሪ ፓይ 4 ላይ እስከ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ቢኖርም፣ አንዳንዶቹ የቆዩ የዲኤምኤ ክፍሎች የሚደርሱት የመጀመሪያውን 1 ጊጋ ባይት ብቻ ነው። በፈራችን መሣሪያው ከማይደርስበት ቦታ ከሆነ ከርነሉ ሊደረስበት በሚችል ቦታ ላይ ምትክ በፈር ይሰጥና ዳታውን ይገለብጣል። ይህን የሚያደርገው ክፍል ስዊዮቲኤልቢ ይባላል። ጭምብሉን በትክክል ካልነገርነው ግን እንዴት ያውቃል?

ሁለተኛው መስመር የአርኤ ድምር ነው። ከርነሉ በመካከል ያለውን ሃርድዌር ሁሉ ያውቃል፤ መደመር ካለበት ይደምራል፣ መቀነስ ካለበት ይቀንሳል፣ ካርታ መሥራት ካለበት ይሠራል። የመጣው መልስ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ነው። ለዚህ ነው መሣሪያው ራሱ የመጀመሪያው ግብዓት የሆነው። ለአንዱ ካርድ የተሰጠውን አድራሻ ለሌላው ካርድ መስጠት፣ የሚኒያፖሊስን የቤት ቁጥር ይዞ ሴንት ፖል ውስጥ በር ማንኳኳት ነው።

ለዚህ ተግባር የምንሰጠው በፈር ከየትም የመጣ መሆን የለበትም። «ኬማሎክ» የሰጠን ሜሞሪ ይሆናል። «ቪማሎክ» የሰጠን ግን አይሆንም፤ በቨርቹዋል ሲታይ የተያያዘ ይመስላል እንጂ ፊዚካል ፔጆቹ የተበታተኑ ናቸው። የተግባራችን ስታክ ላይ ያለ ተለዋዋጭም እንዲሁ አይሆንም።

ሦስተኛውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ትርጉሙ ሊከሽፍ ይችላል። ስናስተምር ዘወትር የምደጋግመው ነገር አለ፦ ያልተፈተሸ አድራሻ ለመሣሪያ አይሰጥም።

አምስተኛውና ስድስተኛው የ6600 ማቆሚያ ነጥብ ናቸው። ከተርጉም እስከ ሰርዝ ያለው ጊዜ በፈሩ የመሣሪያው ነው። ውሰትን አስቡ፤ ድስታችሁን ለጎረቤት አውሳችሁ እሷ ወጥ እየሠራችበት ክዳኑን ከፍታችሁ ጨው አትጨምሩም። በመካከል ማየት ግድ ከሆነ «ለፕሮሰሰሩ አመሳስል» የሚል ተግባር ጠርተን እናያለን፤ ከዚያ «ለመሣሪያው አመሳስል» ብለን እንመልሳለን። የተጠቃሚ ፕሮግራም ሜሞሪ ሲሆን ደግሞ ከርነሉ ፔጆቹን እንዳያዛውራቸው አስቀድመን መቸንከር አለብን፤ ምክንያቱም የ6600 ችግር ዛሬም አለ፣ ፔጅ ይንቀሳቀሳል።

ፕሮሰሰሩና መሣሪያው ዘወትር አብረው የሚጠቀሙበት ቦታ ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ የትእዛዝ ሰንጠረዥ፣ «ዲኤምኤ አሎክ ኮሂረንት» አለ። ይህ ተግባር ለአንድ ቦታ ሁለት አድራሻ ይመልሳል፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለመሣሪያው። ማንኛው የማን እንደሆነ ከዚያ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ነገር የለም።

የተቆረጠው ቁጥር

6600 ላይ 18 ቢቱን 12 ቢት ውስጥ ለማስገባት የተጠበቡበትን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ድርጅት ውስጥ፣ የላቦራቶሪ ናሙና የሚለካ መሣሪያ አንዳንድ ቀን የማይመስል ቁጥር እያወጣ አስቸገረ ተብሎ ድራይቨሩን እንድመረምር ተጠየቅሁ። 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። 16 ጊጋ ባይት ባላቸው አዳዲሶቹ ላይ ግን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ልኬቱ የቀደመው ናሙና ውጤት ሆኖ ይመጣል። የስህተት መልእክት የለም።

ነገሩ አንድ ተለዋዋጭ ነበር። የዲኤምኤ አድራሻው 32 ቢት በሆነ ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል። አድራሻው ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሲሆን የላይኛው ክፍል ይቆረጣል። 4,294,975,488 የነበረው 8,192 ይሆናል። መሣሪያው ልኬቱን በታማኝነት 8,192 ላይ ይጽፋል፤ ድራይቨሩ ግን የሚያነበው ባዶ የቀረውን፣ የድሮውን ውጤት የያዘውን በፈር ነው። ለአድራሻው የተዘጋጀው ዓይነት «ዲኤምኤ አድር ቲ» ነበር፤ መጠኑም እንደ ሲስተሙ ይሰፋል። አንድ ቃል መቀየር ብቻ በቂ ነበር። ግን እስኪገኝ ድረስ የአንድ ሰው ናሙና የሌላ ሰው ውጤት ይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። ለዚህ ነው «አድራሻ ቁጥር ነው» የሚለውን አነጋገር የማልወደው።

ፊደላችንና ካሹ

አሁን ደግሞ ለአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ልዩ ትኩረት የሚገባውን ነገር ልንገራችሁ። በብዙ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ሃርድዌሩ ካሽንና ሜሞሪን ራሱ ያስታርቃል። በብዙ ትንንሽ የአርም ቦርዶችና ስልኮች ላይ ግን አያስታርቅም። ፕሮሰሰሩ የጻፈው ካሽ ውስጥ ይቀራል፤ መሣሪያው የሚያነበው ሜሞሪውን ነው። ትርጉምና ማመሳሰል የሚባሉት ተግባሮች ካሹንም ያጸዳሉ። ብንዘላቸውስ?

በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። «ሰላም» በባይት ሲጻፍ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157 ነው። የመጀመሪያው ባይት ሁሌም 225 መሆኑን አስተውሉ። በመሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል ክልል ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ በ225 ይጀምራል።

ካሽ የሚሠራው ባብዛኛው በ64 ባይት መስመር ነው። 64 ለ3 ሲካፈል 21 ደርሶ 1 ይተርፋል። ስለዚህ በፈሩ በመስመር መጀመሪያ ላይ ቢጀምርና ክፍተት የሌለው የአማርኛ ጽሑፍ ቢይዝ፣ 22ኛው ፊደል አንድ ባይቱ በመጀመሪያው መስመር፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ይወድቃሉ። ድራይቨሩ ርዝመቱን በባይት ሳይሆን በፊደል ቆጥሮ ቢያሳንስና የመጀመሪያው መስመር ብቻ ቢጸዳ፣ 21 አዲስ ፊደል ይወጣል፤ 22ኛው 225ን ከአዲሱ፣ ሁለቱን ባይት ከድሮው ጽሑፍ ይወስዳል። እዚያው ቦታ ላይ ቀድሞ የነበረው ጽሑፍም ፊደል በፊደል ከተገጠመ፣ የሚወጣው የተሰበረ ምልክት አይደለም፤ ሙሉ፣ ትክክለኛ የሚመስል፣ ግን የድሮው ፊደል ነው። ስህተቱ በአማርኛ ስህተት አይመስልም። አንድ ደረሰኝ ላይ ስሙ ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ደንበኛ ሆኖ ቢታተም ማን ይጠረጥራል?

ስለዚህ ለዲኤምኤ ተግባሮች የምትሰጡት ርዝመት ሁልጊዜ በባይት ይሁን። በፈሩም ከሌላ ተለዋዋጭ ጋር አንድ የካሽ መስመር አይጋራ።

አጥሩ መጣ፤ ግን በቂ አይደለም

6600 ላይ ፒፒዎቹን የሚያግድ አጥር አልነበረም ብለናል። ዛሬ አለ፤ አይኦኤምኤምዩ ይባላል። ኤምኤምዩ ለፕሮሰሰሩ የሚያደርገውን ለመሣሪያው ያደርጋል። መሣሪያው የሚያየው የተተረጎመለትን ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ቢረግጥ ይከለከላል፣ ስህተቱም ይመዘገባል። ከውጭ የሚሰካ መሣሪያ በዲኤምኤ ሜሞሪያችንን እንዳይዘርፍ የሚጠብቀን እሱ ነው።

ነገር ግን አጥሩ የሚለካው በፔጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት። 64 ባይት በፈር ስንተረጉም፣ እዚያው ፔጅ ላይ ያለው ሌላው ሁሉ ለመሣሪያው ሊታይ ይችላል። በ2019 ይፋ የሆነው ተንደርክላፕ የተባለ ጥናትም አይኦኤምኤምዩ እየሠራ እንኳ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በሚጠቀሙበት መንገድ ምክንያት ክፍተት እንደሚኖር አሳይቷል። ትርጉሙን ሳይሰርዙ መተውም አጥሩን ከፍቶ እንደመሄድ ነው። አጥር የፕሮግራመሩን ጥንቃቄ ያግዛል እንጂ አይተካም።

ለልምምድ

እንዲረዳችሁ አምስት ጥያቄ እተውላችኋለሁ። ማንኛውንም ድራይቨር ስታነቡ ጠይቁት፦

1. ይህ ቁጥር የማን አድራሻ ነው? የፕሮግራሙ፣ የፕሮሰሰሩ ወይስ የመሣሪያው?
2. ማን ተረጎመው? ከርነሉ ነው ወይስ ድራይቨሩ በግምት ደምሮት?
3. የተቀመጠበት ተለዋዋጭ ይበቃዋል?
4. ትርጉሙ ከሽፎ እንደሆነ ተፈትሿል?
5. ውሰቱ የሚጀምረው የት ነው፣ የሚያልቀውስ የት?

የቤት ሥራም አለ። አንድ መሣሪያ 30 ቢት የዲኤምኤ ጭምብል አለው። ኮምፒውተሩ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ አለው። መሣሪያው ከሜሞሪው ስንት እጁን ማየት ይችላል? በቀሪው ክፍል ያለ በፈር ቢሰጠው ከርነሉ ምን ያደርጋል? (ፍንጭ፦ ከላይ ራስቤሪ ፓይ 4 ላይ ያልነውን ተመልከቱ።)

ታሪኩን ጠለቅ አድርጎ ማየት ለሚፈልግ፣ ቶርንተን በ1970 ስለ 6600 አሠራር መጽሐፍ አሳትሟል። መንትያ ከተሞች ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የኮንትሮል ዳታ መዛግብት የሚገኙት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በቻርልስ ባቤጅ ኢንስቲትዩት ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ በኤልመር አንደርሰን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ያደጉበት ሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ወረቀቶቹ ይጠብቋችኋል፤ የቤት ሥራውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሂዱና እዩአቸው።